ደሊላ በአቦቦ መንገድ

ስሜ ደሊላ ነው። አባቴ ስሙን ከካሴት ሰምቶ ወደደው እንጂ ታሪኩን አላነበበም። መከራው ለእኔ ተረፈ። ዘፋኙ የከዳችውን ሴት ሲረግም የሚጠራው ስሜን ነው፤ ቲክቶክ ላይ መቀስ የያዘች ሴት ከታየች ጓደኞቼ ቶሎ ብለው ይልኩልኛል። የኃያሉን ሶምሶን ራስ ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ጸጉሩን ያስላጨች ሴት፣ ይኼ ሁሉ ሺህ ዘመን አልፎ እንኳ አልተረሳችም። ያናድደኛል፤ ደግሞም ይገርመኛል።

አቦቦ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ሰው አመጡልን። የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ እግሩ ከአልጋው የሚተርፍ ረጅም፣ በቤተክርስቲያናቸው ከበሮ የሚመታ። ራሱ ላይ ያለውን ቁስል ለመስፋት ዙሪያውን መላጨት ነበረብኝ። ምላጩን ሳነሳ "ሲስተር፣ ስምሽ ማነው?" አለኝ። ነገርኩት። አፍጥጦ አየኝና "እሺ፣ ላጪ። የእኔ ጉልበት ጸጉሬ ውስጥ አይደለም" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አልቆየም። ራሱን አዞረው፣ ንግግሩም ተንቀራፈፈ። ጋምቤላ ሆስፒታል ያለው ሐኪም በስልክ "አሁኑኑ ይዘሽው ነይ። እንዳይተኛ፤ አናግሪው" አለኝ።

አምቡላንሱ ውስጥ መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሾፌራችን በመስታወት አየንና "ሲስተር፣ ይኼ ነገር ድሮም በደህና አላለቀም" አለ።

"አንተ ዝም ብለህ ንዳ!" አልኩት። ፈርቼ ነበር።

ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከበሮው ጠየቅኩት። መልሱ እያጠረ መጣ፤ ዓይኑ ተከደነ። የምለው ሲጠፋኝ "ተነስ! ጠላቶችህ መጡ!" ብዬ ጮኽኩበት። ያቺ ደሊላ ሶምሶንን የቀሰቀሰችበት ቃል ነው፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ዓይኑን ገለጠ። "ደሊላ... አንቺ ነሽ የጠራሻቸው" አለ።

እንዳይተኛ የማደርግበትን መላ ያኔ አገኘሁ። ታሪኩን ሆን ብዬ እያበላሸሁ እነግረው ጀመር።

"ሶምሶን ዓሣ አጥማጅ ነበር።"

"አይደለም!"

"ቤቱም አልዌሮ ግድብ አጠገብ ነበር።"

"ውሸታም! ሲስተር፣ አንቺ መጽሐፍ አታነቢም?"

ዓይኑ በተከደነ ቁጥር አዲስ ስህተት እጨምራለሁ፤ እሱም አላስችል ብሎት ያርመኛል። ዛሬ ሲጠየቅ አልተናደድኩም ይላል። ተናዶ ነበር። ስንት ዘመን ሴቶች ሲሰደቡበት የኖረ ታሪክ በዚያ አቧራማ መንገድ ላይ አንድን ሰው ከሞት ሲጎትት አየሁ። ስሜን ያን ያህል ፈርቼውም አክብሬውም አላውቅም።

ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ እየጠቆመ "ይቺን ታውቃታለህ? ማናት?" አለው።

ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። እጄ አሁንም ራሱ ላይ ነበር።

"ደሊላ ናት" አለ። "መተኛት ከለከለችኝ።"