ለአንበሳ የተላከው ዶሮ

የክፍላችን ልጆች ወደ አዲስ አበባ የሄዱት አንበሳ ለማየት ነው። እኔ የሄድኩት አንበሳ ላበላ ነበር። ምሳውን በፓስታ ካርቶን ይዤለት፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከጌዶ ጀምሮ ስነፋረቅ ተጓዝኩ። አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን የሚስቅብኝ ባገኝ እነክሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌዶ ውስጥ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሁላችንም «አኮ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም የጭነት መኪና ሹፌር። ከነቀምት አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ነቀምት ሲመላለስ ይኖራል። እናቱ ቤት የሚያድረው መንገዱ ሲያመሸው ነው፤ መቼ እንደሚያመሸው ደግሞ እሱም አያውቅም። ስልክ ሲደወልለት ወይ ኔትወርክ የለም ወይ እየነዳ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ አኮ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ቢጫወቱም ልባቸው መንገድ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ ዶሮ ነበረኝ። እህት ወንድሞቹን ጭልፊት ጨርሷቸው እሱ ብቻ የተረፈ፣ በእጄ እያጎረስኩ ያሳደግኩት ቀይ አውራ ዶሮ። ሲራመድ ስብሰባ ሊመራ የሚሄድ ሹም ይመስል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ድረስ ሮጦ ይቀበለኛል፣ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ትከሻዬ ላይ ይወጣል። እወደው ነበር። ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ በዶሮ ፍቅር አበደች ብለው የሚያሾፉብኝ ነበሩ፣ ያሹፉ።

የዶሮዬ ጥፋት አንድ ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ እንደ ሌላው ዶሮ ይጮኻል፤ ማታም ይጮኻል። ጀንበር ጠልቃ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ድንገት «ኩኩሉ!» ይላል። አንዳንድ ቀን አንዴ ብሎ ይተዋል፣ አንዳንድ ቀን ደጋግሞ ይለዋል። ዶሮ ማታ ከጮኸ መርዶ ይጠራል ይባላል። አኮ ያን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጉና «ያ ዋቃዮ! ልጄን አደራ!» እያሉ አምላካቸውን ይማጸናሉ። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ድምፅ በስልክ ካልሰሙ እህል አይቀምሱም።

አባቴ «እኛ አማኞች ነን፣ ሟርት የሚባል ነገር የለም» ይል ነበር። ይህን የሚለው ግን በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በሰው ግቢ ተከራይቶ ማን ይከራከራል?

አንድ ማታ ዶሮው ጮኾ ጮኾ ሲበቃው አኮ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ።

«ይህ ዶሮ ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ» አሉ።

«እናርደዋለን፣ አኮ» አለ አባቴ።

«መርዶ የጠራ ዶሮ ማን አፍ ይገባል?»

«እንግዲያው ቅዳሜ ገበያ አውጥተን እንሸጠዋለን።»

«ክፉውን ለሰው ቤት ትሸጣለህ? አንተ ደግሞ ጸሎት ቤት የምትሄድ!»

እኔ ከአባቴ ጀርባ ቆሜ ዶሮዬን አቅፌዋለሁ። አኮ ወደ እኔ ሲዞሩ ነገር እንደመጣብኝ ገባኝ፤ የሳይንስ መምህራችን እንስሳትን ሊያስተምረን አዲስ አበባ፣ የአንበሶቹ ግቢ ሊወስደን እንደሆነ ራሴው በደስታ ነግሬያቸው ነበርና።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንበሳ ልታዪ ትሄጂ የለ? ለእሱ ስጪው። አንበሳ ሟርት አይፈራም።»

አባቴ እፎይ ሲል አየሁት። ያኔ በጣም ተቀየምኩት። እሱም ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ በጉዞው ዋዜማ ካርቶኑን አየር እንዲያስገባ በቢላ ሲበሳ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ዶሮው መኪና ውስጥ እንዳይረብሽ ብሎ ካርቶኑን አሮጌ ጃኬቱን አለበሰው።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ልጆቹ ገና ከጌዶ ሳንወጣ ዘፈን ጀመሩ፤ ትንሽ እንደተጓዝን ከበሮ ያጡ እጆች መስኮቱን ይደበድቡ ነበር። ዶሮዬ ከጃኬቱ ሥር ጸጥ ብሏል። እሱ ዝም ሲል እኔ አለቅስለት ነበር። አምቦ ላይ ለቁርስ ወርደን ሁሉም ዳቦውን በሻይ እያጠለቀ ሲበላ መምህሩ አጠገቤ መጣ። ወጣት ነው፤ ለዚያ ቀን ብሎ ክራቫት አስሯል፣ ክራቫቱ ግን አላመነውም መሰለኝ በየደቂቃው ይዞርበታል።

«ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«የአንበሳው ምሳ ነው፣ ቲቸር።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህሩ አልሳቀም። ጥግ ወስዶ አስቀመጠኝና ሁሉንም አስነገረኝ፤ የማታውን ጩኸት፣ የአኮን ልጅ፣ አባቴ እፎይ ማለቱንም ጭምር። ስጨርስ ራሱን አከከና «እዚያ ስንደርስ እናያለን» አለኝ። ትልቅ ሰው ይህን የሚለው ግራ ሲገባው ነው፣ ያኔም አውቅ ነበር።

የአንበሶቹ ግቢ በር ላይ ዘበኛው ካርቶኑን ከፍቶ አየና «ዶሮ ይዞ መግባት አይቻልም» አለ። መምህሩ ክራቫቱን አስተካከለ።

«የትምህርት መርጃ ነው። ዛሬ አዕዋፍን እናስተምራለን፤ ይህ ናሙናችን ነው።»

ዘበኛው ናሙናውን አየው፣ ናሙናውም ዘበኛውን አየው። «ካመለጣችሁ እኔን እንዳትጠሩኝ» ብሎ አሳለፈን።

አንበሳው ተኝቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የሄድንለት አንበሳ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጥቁር ጎፈሩን መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል። መምህሩ ስለ አጥቢ እንስሳት ያዘጋጀውን ትምህርት ጀመረ፣ ልጆቹ ግን «ቲቸር፣ ሞቷል እንዴ?» እያሉ አላስጨረሱትም። እኔ ከኋላ ቀርቼ ጠባቂውን ፈለግኩት። ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ያዝኩትና ካርቶኑን ዘረጋሁለት። የመጣሁበትንም ነገርኩት።

«የእኔ እህት» አለኝ፣ «እዚህ ከውጭ የመጣ ነገር አይሰጥም፣ በሕይወት ያለማ ጭራሽ። ይልቅ ዶሮሽ ውሃ ጠምቶት ይሆናል፣ አጠጪው።»

ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ባልዲውን ሳይቀር ማቀፍ አምሮኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላው ጭንቅ መጣ፤ አንበሳው ካልበላው የት ልወስደው ነው? አኮ ግቢ አይመለስም። በሰው አገር ሜዳ ላይ አልጥለው።

ይህን እያሰብኩ ውሃ ላጠጣው ጃኬቱን ገፍፌ ክዳኑን ከፈትኩት። «ኩኩሉ!» አለ፣ ያውም በእኩለ ቀን። ደንግጬ ዘጋሁት። ዝም አለ። ውሃውን ሳላጠጣው መዝጋቴ ትዝ ብሎኝ እንደገና ከፈትኩት። «ኩኩሉ!»

«አንቺ! ዝም አስብይው እንጂ!» ብሎ ጮኸ መምህሩ፣ ከአጥቢዎቹ መሃል። ቀጥሎ ግን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ልጆቹን ትቶ ወደ እኔ መጣ።

«ዝጊው። ጃኬቱንም አልብሺው።»

ዘጋሁት። ጠበቅን። ጸጥ አለ።

«አሁን ክፈቺው።»

«ኩኩሉ!»

አንበሳው ተረሳ። ክፍሉ በሙሉ ካርቶኑን ከበበ፤ እኔ ልክፈት፣ እኔ ልዝጋ የሚል ግፊያ ሆነ። ዶሮው አንዳንዴ አውቆ ዝም ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ብርሃኑ ሲነካው አንገቱን ሰግጎ ይለቀዋል። የአዲስ አበባ ተማሪዎችም ከዝንጀሮዎቹ ዘንድ ሮጠው መጡ። አንዷ የተጫማሁትን ጫማ ረግጣ «ልንካው? ይናከሳል?» አለችኝ። «ለማያውቀው ሰው ይናከሳል» አልኳት፣ ያን ያህል ኮርቼ ነበር። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው መምህሩ ነበር፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ሁካታ አንበሳው ዞሮ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየን፣ መልሶም ጨፈነ። ምሳው አጠገቡ እንደደረሰ አላወቀም።

«ቆጡ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ መምህሩ።

«አጥሩ ጥግ። አባዬ ነው የሠራው።»

«ጨለማ ነው ውስጡ?»

ሳቄ መጣ። አባቴ የሚሠራው ግብርና ቢሮ ነው፣ ሂሳብ ክፍል፤ ቆጡን የገጣጠመው ከቲማቲም ሳጥን ሲሆን በሳንቃና በሳንቃ መካከል ድመት ያሳልፋል። «ቀዳዳው ይበዛል» አልኩ።

«ከአጥሩ ውጭስ?»

«መንገድ ነው። የነቀምቱ መኪና የሚታጠፍበት...» ሳልጨርሰው ቆምኩ። መምህሩም ጣቱን አነሳ።

«መላምት ነው» አለ፣ «ገና አልተረጋገጠም። ዛሬ ማታ እናረጋግጣለን።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ። በጊንጪ፣ በአምቦ አለፍን፤ ዶሮዬም ከሁሉም ልጅ ዳቦ ለቅሞ ጠገበ። ጌዶ ስንደርስ መሽቷል። መምህሩ አውቶቡሱን በእኛ በር ላይ አስቆመው። አኮና አባቴ ወጡ። አኮ ካርቶኑን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አልበላውም?»

«አይሰጥም አሉ፣ አኮ።»

«አኮ፣ እባክዎ» አለ መምህሩ፣ «አንድ ነገር ላሳይዎት። ይህ ዶሮ መርዶ አይደለም የሚጠራው። መብራት ሲያይ ነው የሚጮኸው።»

ዶሮውን ቆጡ ውስጥ አስገባሁት። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ አውቶቡሱን ነዳው፣ ልጆቹም በየመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ጠበቁ። ዶሮው ዝም አለ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ደገመው። አሁንም ዝም። ያ በእኩለ ቀን አንበሳ ፊት ሲፎክር የዋለ ዶሮ፣ ሕይወቱ በዚያች ጩኸት ላይ ተንጠልጥላ እያለ፣ ትንፍሽ አላለም። አኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማሩ ሰው ነዎት ቲቸር፣ ቢሆንም...» አሉና ወደ ቤት ዞሩ። እኔ ቆጡ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ያኔ ከነቀምት በኩል አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣ። ኩርባው ላይ ሲታጠፍ መብራቱ አጥሩን አልፎ በአባቴ ሳንቃዎች መሃል ገባ፤ አውቶቡሳችን ከአዲስ አበባ በኩል ስለመጣ መብራቱ ቆጡን ነክቶት እንኳ አያውቅም ነበር። ዶሮው «ኩኩሉ!» አለ። አውቶቡሱ በጩኸትና በፉጨት ተናጋ፣ መምህሩም ክራቫቱን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረው።

አኮ አልጮኹም። መኪናው እስኪርቅ ቆመው አዩት።

«የልጄም መኪና ከነቀምት ሲመለስ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አኮ። ዶሮዬ ከእኛ ቀድሞ ያየዋል» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ዶሮዬን ይተውት፣ አይተውት፣ አላወቅኩም።

በማግስቱ እሁድ፣ ከጸሎት ቤት ስንመለስ አባቴ መዶሻና ጣውላ ይዞ ቆጡ ጋ ሄደ። ቀዳዳው ከተደፈነ ጨለማ ይሆናል፣ ዶሮው ይተኛል፣ ግቢውም ሰላም ያገኛል፤ መምህሩም እንዲሁ መክሮታል። እኔ ጣውላውን ይዤ፣ እሱ ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ሊመታ ሲል አኮ በቆሎ ጨብጠው መጡ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልደፍነው ነዋ! እርስዎም ይረፉ፣ እሱም ይተኛ» አለ አባቴ በምስማሮቹ መሃል።

«ተወው» አሉ አኮ። በቆሎውን ለዶሮው በተኑለት። «ደፍነህብኝ፣ ልጄ ሲመጣ በምን ልወቅ?»

አባቴ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። እኔም ጣውላውን ጥዬ አኮን አቀፍኳቸው፣ እሳቸውም «ተይ፣ ልብሴን አቆሸሽሽው» እያሉ አልለቀቁኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ዶሮው ጮኸ። አኮ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጥተው በሩን ከፈቱ። የሌላ ሰው መኪና ነበር፣ አለፈ። ከበሩ አልተመለሱም። ጥቂት ቆይቶ ዶሮው እንደገና ጮኸ፣ ኩርባው ላይ መብራት ታየ፣ ይሄኛው መኪና ፍጥነቱን እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።