ያልተለካው ጉድጓድ

አባ ገመድ የምንለው ጉድጓድ ቆፋሪ እኩያዬ ነው። በሃያ ዓመቱ፣ ከሰፈራችን በታች ባለው ሜዳ አሥራ ሁለት ክንድ ቆፍሮ ውሃ ሳያገኝ አፈሩ ተናደበትና እስከ አንገቱ ቀበረው። ታላቅ ወንድሙ ወርዶ በእጁ ጫረለት፤ በብብቱ ገመድ አስሮም ጎትቶ አወጣው። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ከደኑት፤ እሱም ዳግመኛ በዚያ አላለፈም።

ሥራውን ግን አልተወም። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ ላይ እስከ ታች ሰባት ጉድጓድ ቆፈረ። ለእያንዳንዱም በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ አለው፤ ውሃው የደረሰበት ቋጠሮ ላይ ቀይ ክር ያስራል። ሰባቱም ገመዶች መኝታ ቤቱ ውስጥ ተሰቅለዋል። ሚስቱ «ሰው የልጆቹን ፎቶ ይሰቅላል፣ የእኔው ጉድ ገመድ!» ትላለች።

አምና አንድ ረፋድ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች። ብዙ አልከፋም፤ ጥቂት ግንብ ፈረሰ፣ ዶሮዎች ዛፍ ላይ ወጡ፣ ሰው አልሞተም። ጉዳቱ የታወቀን ቀትር ላይ፣ ሴቶቹ ከጉድጓድ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲመለሱ ነው። ወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በማግስቱ አንዳንዱ ዕቃውን መጫን ጀመረ፤ ጎረምሶቹ ደግሞ የደረቀውን ጉድጓድ ወደ ታች ሊቆፍሩ ገቡ።

«ተዉ፣ ውጡ!» አለ አባ ገመድ። «መጀመሪያ ውሃው የት እንደሄደ እንወቅ።»

«አባባ፣ ውሃ አድራሻ አለው እንዴ?»

«ከአንተ የተሻለ አለው።»

ገመዶቹን ተሸክሞ ሰባቱንም ለካ። ላይኞቹ አራት ደርቀዋል። ከአምስተኛው ስድስት ክንድ ጎድሏል፤ ከስድስተኛው አራት፣ ከሰባተኛው ሁለት፤ የቀረው ለሰፈሩ አይበቃም። ገመዶቹን መሬት ላይ በተራ ዘርግቶ ብዙ ሰዓት አያቸው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ጉድለቱ ያንሳል፤ ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል ማለት ነው። ከሰባተኛው በታች ያለው ያ በልጅነቱ የተናደበት ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሚስቱ ገባትና ወደ ቤት ሄዳ፣ ከሣጥን ሥር ወንድሙ ያወጣበትን ገመድ አመጣች። ቋጠሮ የለውም። ሊቋጥር አነሳውና መልሶ አስቀመጠው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለችው። «ትቋጥራለህ ወይስ ልቋጥርልህ?»

«አንቺ ክንድሽ አጭር ነው፣ ልኬቱን ታበላሽብኛለሽ» ብሎ ቋጠረ።

ሳንቃውን አነሳን። በደረቱ ተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ለቀቀው። ሲስበው ሦስት ቋጠሮ ያህል ርሶ ወጣ። አሸተተው፣ ቀመሰው፣ ሳቀ። የተጫነው ዕቃ ሁሉ ወረደ። ጉድጓዱንም በፈረሰው ግንብ ድንጋይ ገነባነው፤ በሳምንቱ ውሃው ጠራ።

በቀደም፣ በዕድሜው ካየው ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሰው ደፈርክ ይለኛል» አለ። «አልደፈርኩም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ዞሬ ነው ያለፍኩት። ውሃው የት ገባ የሚለው ነገር ባይከነክነኝ ኖሮ ዛሬም እዞር ነበር። ሰው ፈርቶም ቢሆን ይጠይቅ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ደግሞ ጫማዬ አሁንም አልወጣም፤ የት እንደገባ ማወቅ አለብኝ።»