ልጅ ምን ሐሳብ አለባት?

እህቴ ዘይነባ፣ ገና ስድስት ዓመቷ። እናታችን። የእናታችን ታላቅ ወንድም ሐጂ ቃሲም፣ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ። አንድ ወጣት የጤና ረዳት። እኔ። ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ በዚያች የጤና ጣቢያ ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን።

ዛሬ አዳማ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ የአዋቂ የደም ግፊት መለኪያ በልጄ ቀጭን ክንድ ላይ ስትጠቀልል፣ የላስቲኩ ሽታ ወደዚያ መለሰኝ። የልጄ ፊት ከትናንት ጀምሮ አብጧል።

የዘይነባም ፊት እንዲሁ አብጦ ነበር፤ ራሴን እያለች ታለቅሳለች። ረዳቱ መለኪያውን ሲያነሳ ሐጂ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ግፊት ሐሳብ ያለበት ሰው በሽታ ነው። እሷ ምን ሐሳብ አለባት? የስንዴ ዋጋ ወረደባት?»

ሁሉም ሳቀ። ረዳቱ አፍሮ መለኪያውን መልሶ አስቀመጠ። ታላቅን ማክበር ደግ ነው፤ በይሉኝታ ሥራን መተው ግን ወንጀል ነው። ዘይነባ ሳምንት ሳይሞላ አንቀጥቅጧት ሞተች። ኩላሊቷ ታሞ ግፊቷ ንሮ እንደነበር የተረዳሁት አድጌ፣ በራሴ አንብቤ ነው።

«የልጅ መለኪያ አምጪ!» አልኳት ነርሷን። «ይሄ ይሰፋታል፤ ግፊቷን አሳንሶ ያሳያል።»

«ጋሼ፣ ምን ያስቆጣዎታል? ልጅ ምን ሐሳብ አለባት?»

ያ ቃል እናቴን ልጇን፣ እኔን እህቴን አስከፍሎናል። ሐጂንም ከዚያ ወዲያ ሲስቁ ያየ የለም።