አገልግሎት የማይሰጠው ክፍል

በሰበታ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ የመረጠኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ብቻ ነው። እኔ ግን እንደ ትልቅ ሹመት ቆጠርኩት። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በረንዳው ላይ ቆርቆሮ የሚመታውን፣ ደረጃ ሥር ከሰል የሚያከማቸውን ሁሉ አንቀጽ እየጠቀስኩ መድረሻ አሳጣሁት። ጎረቤቶቼ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረው ነበር።

በግቢያችን ጥግ አንድ የጋራ ክፍል አለ። ሲሠራ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ታስቦ ነው። እርዱ በበዓል በበዓል፣ ልብሱም በየበረንዳው ሆነና ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ነጋዴ ሱቅ ላድርገው ብሎ ሲጠይቅ እኔ ደስታዬን አልቻልኩም፤ የተበላሸውን የውሃ ፓምፕ በኪራዩ እናሠራበታለን። ደንቡ ግን የጋራ ቦታ ወደ ንግድ የሚቀየረው አብዛኞቹ የቤት ባለቤቶች ተሰብስበው ሲፈርሙ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራሁ። ግማሹ ሰው ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነው፤ ግማሹ አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ። በሦስተኛው ስብሰባ የተገኘነው እኔ፣ ሊቀ መንበሩና ብሎካችን ሥር የሚያድረው ውሻ ነበርን።

እኛ ሰፈር ሰው አንድም ሳይቀር የሚሰበሰበው ለለቅሶ ነው። በዚያው ክረምት የነጋዴው እናት ዐረፉ። ዝናቡ ድንኳን የሚያስተክል ስላልነበረ የእድሩ አግዳሚዎች ወደ ጋራው ክፍል ገቡ፤ ሰውም ተከትሎ ገባ። በሦስተኛው ቀን፣ ያን ሁሉ ባለቤት አንድ ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ያን ቀን ግን ብልሃት መስሎኝ ከኋለኛው አግዳሚ ጀምሬ በሹክሹክታ ማስፈረም ያዝኩ። ለቅሶ ላይ ማን እምቢ ይላል? ሳያነቡ ፈረሙልኝ።

ከአግዳሚው ጫፍ ኦቦ ተቀምጠው ነበር። ትልቅ ሰው በመሆናቸው ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ለሁላችንም ኦቦ ናቸው። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት በዚሁ አካባቢ ያርሱ ነበር፤ አሁን ምድር ቤቱ ላይ በልጃቸው ቤት ይኖራሉ።

«አንቱ አይፈርሙም፤ ቤቱ በልጅዎ ስም ስለሆነ ደንቡ አይፈቅድም» አልኳቸው።

«ጋሪዳ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። «መፈረሙ ይቅር። መስማት ግን አይከለከልም አይደል? ማሎ፣ እባክሽ አንብቢልኝ። ከፍ አድርጊው፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

ጆሯቸው እንኳን ሊደክም፣ በጅማ መንገድ የሚያልፈውን ሚኒባስ ከጭነት መኪና በድምፁ ይለያል። ግን ኦቦን እምቢ አይሏቸውም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ከላይ የተጠቀሰው ክፍል ለነዋሪው ምንም ዓይነት አገልግሎት የማይሰጥ በመሆኑ...»

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩና ቀና አልኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቦ ተቀምጧል፤ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ነጋዴውም ከፍራሹ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን አንቀጽ ጠቅሼ አፈር አስግጥ ነበር። ኦቦ ግን ወረቀቱን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይሄ የሌላ ክፍል ወረቀት ተቀላቅሎብሽ ይሆናል። ነገ አስተካክይው» አሉኝ። አጥፍቼ ሳለ መውጫ በር ከፈቱልኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሰውን ሳያዋርድ ከስህተቱ የሚመልስ ግን ከኦቦ በፊት አላየሁም።

በማግስቱ ነጋዴው ራሱ ቤቴ መጣ። «ተይው እህቴ» አለኝ። «እናቴን ያለቀሳችሁልኝ እዚያ ነው። ዘይትና ሳሙና ልሸጥበት አልችልም።» ወረቀቱን ቀደድኩት። ፓምፑንም አዋጥተን አሠራነው።

በቀጣዩ ክረምት ተራው የእኔ ሆነ። እናቴ ሐምሌ ላይ ዐረፈች። ከቀብር ስመለስ የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፤ ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ ሰው ያስገባል። ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ኦቦ መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ያችን ወረቀት ያነሱብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ቢያነሱብኝም ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ እዚያ ጋ ያፈሳል። ወደ እኔ ጠጋ በይ» አሉኝ።

ተጠጋሁ። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ።