የጓንጉል እሳት

ጓንጉል በስደት በሚኖርበት በፓርክላንድስ ሰፈር የከበሩ ድንጋዮች ቆራጭ ነው። መቁረጡንስ ማንም ይማረዋል፤ እሱን ያስከበረው እሳቱ ነው። ከጓሮ ባለችው ትንሽ ምድጃ የጠቆረ ድንጋይ ያስገባና አጥርቶ ያወጣዋል። እንዴት እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አብሮት የሚነግደው ተካልኝ በልመናም በግብዣም ሞክሮት ነበር፤ መልሱ ሁሌም «ሙያ በልብ ነው» ብቻ። ንፉግ አይባልም፣ ያለውን ያበላል፤ እሳቱን ግን አያካፍልም።

እጁ ላይ ያደገችው የእህቱ ልጅ ሐሊና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። ሚሌኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጥፍር የምታክል ጠቆር ያለች የኦክሳይድ ክሪስታል አመጣችለት። መምህሯ በመከራ ከውጭ ያስመጣላት፣ የመመረቂያ ጥናቷ ሁሉ የተንጠለጠለባት ናት፤ ሌላ የላትም። በስሱ ቆርጦ እንዲያለሰልስላት ፈለገች።

«ምን ትሠራልሻለች?» አላት።

«ጋሼ፣ ውስጧ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ መዞር ይፈልጋል። ሁለት ሲሆኑ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሦስተኛው ሲመጣስ ወዴት ይዙር? አንዱን ደስ ሲያሰኝ ሌላውን ያስከፋል። ሌላ ማግኔት ቅዝቃዜው ሲበረታበት ተሰልፎ ያርፋል፤ እነዚህ ግን ከበረዶ እጅግ በባሰ ቅዝቃዜም ላያርፉ ይችላሉ። ውጭ አገር ልኬ የማስለካው ይህንኑ ነው።»

«እንደኛ የስደተኞች ማኅበር ናቸዋ፣ መቼም አይስማሙም!» ብሎ ሳቀ።

ቆረጠላት። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጥቁረቷን ሲያይ የሙያው አመል አላስቀምጥ አለው፤ የእህቱ ልጅ እንዲህ የጨለመ ድንጋይ ይዛ ሰው ፊት እንድትቀርብ ሆዱ እሺ አላለውም። ሳይነግራት ምድጃው ውስጥ ከተታት። እንደ ማር ጠርታ ወጣች። እየተፍለቀለቀ ሰጣት።

የሐሊና ፊት አመድ መሰለ። ሙቀቱ በክሪስታሏ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ለውጦታል፤ ኦክሲጅኑ ሲለወጥ የማግኔቶቹም ጠባይ ሊለወጥ ይችላል። ጓንጉል «ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፣ የኔ ልጅ» አላት።

መምህሯ ግን ጨርሶ አልጨከነም። ክሪስታሏ እንዴት እንደጋለች አንድም ሳይቀር በጥናቱ ላይ ከጻፈች ይቀበላታል፤ ማንም አንብቦ ሊደግመው መቻል አለበት። ያለዚያ ክሪስታሏ አትላክም፣ ጥናቷም በዚያው ይቀራል።

ሐሊና ይህን አስረዳችው እንጂ «ይንገሩኝ» አላለችም። የባሰውም ይኸው አለመለመኗ ነው። ብትለምነው ኖሮ መቆጣት ይችል ነበር። እራት ላይ አንገቷን ደፍታ ስትጎርስ ሲያያት እጁን ከገበታው አነሳ። ይህችን ልጅ ከድንጋዩም ከእሳቱም አብልጦ ይወዳታል።

«ብዕር አምጪ» አላት።

ስለ ምድጃው፣ ስለሚያስገባው አየር፣ እሳቱን ቀስ በቀስ ስለሚያበረታበት መንገድ ነገራት። ሐሊና ጥቂት ጽፋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይታተማል። ጋሽ ተካልኝም ሊያነቡት ይችላሉ።»

«ያንብበው።»

ሐሊና ብዕሩን አስቀመጠች።

«በይ ጻፊ እንጂ!» አላት ቆጣ ብሎ። «ዋናው ገና ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የማደርገው አለ።»