ቢቸናና ሞጣ የሚመላለሰው ካሴት

ቢያድግልኝ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው አይደለም፤ እሱ ራሱ ቢሰማ «ልክ ነው» ይላል፣ ቀጥሎም ማን እንደነገረኝ ይጠይቃል። ቢቸና ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ደንበኛ ዕቃውን ትቶ ሊሄድ ሲል ደስ አይለውም፤ ነገ «ዕቃዬን ለወጥከው» እንዳይባል አጠገቡ አስቀምጦ እያሳየ ይሠራል። ሚስቱ ፋንታነሽ በርበሬ አስፈጭታ ስትመለስ እንኳን ወፍጮ ቤት ከሌላ ሰው ጋር እንዳልተቀያየረ ለማወቅ ይቀምሰዋል።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን የሞጣውን ልብስ ሰፊ ስጦታውን ነው። ስጦታው ደግሞ የልብ ጓደኛው ነው። ይህ እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ለመረዳት የካሴቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሮክና ሬጌ በአንድ ላይ የተዋሐዱበት የውጭ አገር አልበም እንዳለው በየሄደበት ያወራል፤ ቴፑ ግን ቢቸና ሳይደርስ አውቶቡስ ላይ ስለተሰበረበት ካሴቱን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ተቀይሮ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ ቢያድግልኝና ስጦታው ለመኑት፤ ለአንድ ከሰዓት አዋሳቸው። ስጦታው ያኔ ቢቸና ስፌት ይማር ነበር። መብራት አልነበረም። ስለዚህ በስጦታው ቴፕ እየከፈቱ በቢያድግልኝ ቴፕ ሊቀዱ ተስማሙ፤ እያንዳንዱም ለየራሱ ቴፕ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ። መምህሩ በማግስቱ ካሴቱን ይዞ ሄደ። እነሱ የቀዱት አንድ ቅጂ ቀረ፣ ለሁለት።

አንድ ካሴት ለሁለት ሰው አይካፈልም። ስጦታው ሞጣ ሄዶ ሱቅ ሲከፍት ግን መላ ዘየዱ፤ እንደ ማኅበር አደረጉት። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ እኛ ሞጣ እንሄዳለን፣ አንድ ጊዜ የሞጣው ሰው ይመጣል። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ካሴቱ ከጎን አንድ እስከ ጎን ሁለት ይሰማል፣ ከዚያ ተረካቢው ይዞት ይሄዳል። ጽዋው ካሴቱ ነው። እኔ ሽታሁን የሒሳብ መምህር ሆኜ ቢቸና ስመጣ ተጨመርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አለሁ። መሪጌታ አካለ ወልድ ደግሞ አንድ ቅዳሜ የተጠገነ ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጥተው ጎን ሁለትን ሰሙ። «ይህ ሰው የያዘው የዕዝል ዜማ ነው» አሉ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ያ ሬዲዮ በየወሩ ይበላሻል።

አልበሙ በእውነት ያምራል። መጀመሪያ ላይ ጊታሩ ይነጫነጫል፣ ዘፋኙ የሚያስበው ነገር ያለው ጎልማሳ ነው። እየቆየ ሁሉም ነገር ይረጋጋል፤ ወፍራሙ ጊታር እንደ ከበሮ ከሆድ ውስጥ ይመታል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሮኩ ሬጌ ይሆናል። ጎን ሁለት ሲያልቅ ዘፋኙ ሽማግሌ ነው። ሰውየው ዕድሜውን በአንድ ካሴት ላይ እየኖረ ነው የሚዘፍነው ብለን ተስማምተን ነበር። እንግሊዝኛውን አንከታተለውም፤ እርጅናውን ግን እንሰማዋለን። እኔ የመጨረሻውን ዘፈን ስሰማ አባቴ ትዝ ይለኛል፣ አልደብቅም።

ቢያድግልኝ ካሴቱን ሲሰጥ ልጁን ለሰው አገር የሚሰጥ ይመስላል። ጥጉ ላይ የፋንታነሽን የጥፍር ቀለም ነክቶበታል። ሲረከብ ቀለሙን በማጉያ መነጽር ያያል፣ በፍንጭት ጥርሱ እያፏጨ ብሎኖቹን ይቆጥራል። አምስት ናቸው። ስጦታው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ጠላውን እየጠጣ ያያል። መንገድ ተዘግቶ ካሴቱ ሞጣ ሲቀር ቢያድግልኝ ሰው አያናግርም።

መክሊት የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ እኔና መሪጌታ ባለንበት ስፒከር ልታሠራ ገብታ ካሴቱ ተከፍቶ አገኘችው። ትንሽ አዳመጠችና አልበሙን እንደምታውቀው ነገረችን። ቢያድግልኝ ከየት እንደምታውቀው ጠየቃት፤ ስልኳ ላይ እንዳለ መለሰችለት።

«ግን ጋሼ ቢያድግልኝ፣ የእርስዎ ለምን ይጎተታል?»

ከፈተችልን። የሆነ ልጅ መዝፈን ጀመረ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ልጅ ነው፣ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ የሚቸኩል። ሬጌው ሬጌ ነው፣ ግን ይዘላል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ አባቴን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ልጅቷን በትዝብት አዩዋት። «እኛ ያስረጀነውን ሰው ልጅ አደረገችብን» አሉ።

ቢያድግልኝ በመጀመሪያ ስልኩን ጠረጠረ። በስልክ የሚመጣ ነገር ሁሉ የተቀነባበረ ነው አለ። ቀጥሎ ልጅቷን ጠረጠረ፤ ማን እንደላካት፣ ሞጣ ዘመድ እንዳላት ሊያጣራ ሞከረ። ሦስተኛ ቀን ላይ ቤቴ ድረስ መጥቶ በሩን ዘጋና ነገሩ ገብቶኛል አለኝ፤ ስጦታው ዋናውን ቅጂ ወስዶ የተበላሸ ቅጂ ለውጦበታል። ቀለሙስ አልኩት። ቀለም ይገዛል አለኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰማሁት ይኸንኑ የሚጎተተውን እንደሆነ ነገርኩት። ጆሮዬን መመርመር እንዳለብኝ ነገረኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ስጦታውን መጠርጠር ጀመርኩ። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ አጠገብህ ያስነጠሰ ሰው ይበቃል። ስጦታው ለምን ሁልጊዜ ዝም ይላል? ለምን አንድ ቀን እንኳን ብሎን አልቆጠረም?

ቅዳሜው ደረሰ። ስጦታው በጉንደ ወይን በኩል ከሞጣ መጣ፤ ካሴቱን የሚረከብበት ወር ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ ማንም አልነካውም። ቢያድግልኝ የመክሊትን ስልክ አስከፈተ፣ ከዚያ ካሴቱን ከፈተ። ሲያበቃ ካሴቱን አውጥቶ በጉልበቶቹ መካከል ያዘው፣ ስጦታውን ለውጠኸዋል አለው። ከዛሬ ጀምሮ ካሴቱ ከቢቸና አይወጣም፣ ማኅበሩም ፈርሷል አለ። ደነገጥኩ። እኔ ጡረተኛው ከወር ወር የምጠብቀው ሌላ ነገር የለኝም።

ስጦታው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ያን ቀን እኔ አራት አዲስ ባትሪ ድንጋይ ይዤ መጣሁ፣ ከደጀን የተገዛ» አለ። «ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ተመለስኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቴፔን ስከፍት ውስጡ ያሉት የእኔ አልነበሩም።»

ቢያድግልኝ ቀና አላለም።

«ፀሐይ ላይ ተሰጥተው የከረሙ ናቸው። ተነክሰዋል። የጥርሱ ምልክት መካከሉ ክፍት ነው።»

በዚህ ቤት ፍንጭት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ባትሪ ድንጋይ ሲደክምበት ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ያም አልበቃ ሲል በጥርሱ ይነክሰዋል፤ እኔም ነክሼ አውቃለሁ። ቢያድግልኝ ስጦታው አሮጌ ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ ስለነበር እሱም አሮጌ ይዞ መጥቷል። ስጦታው ቃሉን አክብሮ ሲመጣ ጊዜ አዲሶቹን ወደ ራሱ ቴፕ፣ የተነከሱትን ወደ ስጦታው ቴፕ አዛወራቸው። ቀጂው ቴፕ በደንብ ሲሮጥ ከፋቹ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ፤ ድምፁም እየተጎተተ ተቀዳ። ሽማግሌያችን የተወለደው እንደዚያ ነው። ቴፕ ጠጋኝ ይህን ሳያውቅ ሠላሳ ዓመት ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ማወቅ አልፈለገ ይሆናል። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ቢያድግልኝ ካሴቱን በእጁ አገላበጠ።

«ለምን ዝም አልከኝ?» አለ።

«ሁልጊዜ ሌባ ትፈልጋለህ» አለው ስጦታው። «አንድ ቀን ትክክለኛውን ታገኘዋለህ ብዬ ጠበቅሁህ። ደግሞ ሽማግሌውን ወደድኩት።»

መሪጌታ ዳቦውን አንስተው ለስጦታው አቀበሉት። መክሊት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የሚጎተተውን እንደገና መስማት እንደምትፈልግ በቀስታ ተናገረች። ጎን ሁለትን ሰማን። የመጨረሻው ዘፈን ላይ አባቴ መጣ። ቢያድግልኝ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለመደበቅም አልሞከረም። ካሴቱ ሲያልቅ አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለው፣ ተነስቶ በሁለት እጁ ለስጦታው ሰጠው። ማጉያ መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አልነካውም። ስጦታውም ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አኖረው።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ካሴቱን አንድ ጊዜ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ብሎኖቹን ቆጠርኩ፣ አምስት ናቸው።