አሥር ዙር በጭሮ መናኸሪያ

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ቦርጭም አለኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግርብኝ ነው። ስሜ ጀምበሩ ይባላል። የማስተምረው ገለምሶ፣ ቤተሰቤ ያለው ጭሮ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ሄጄ ዓርብ ከሰዓት እመለሳለሁ። ባለፉት ስምንት ዓመታት የዚህን መንገድ አብዛኛውን የተጓዝኩት ጋቢና፣ ከሹፌር አብዱናስር ጎን ተቀምጬ ነው።

አብዱናስር ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። በጭሮና በገለምሶ መካከል ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ንጋት ላይ ፈጅር ሰግዶ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ይመጣል፤ ቤቱ የሚገባው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ መሀል ተቀምጦ ይነዳል፣ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል፣ ተቀምጦ ምሳ ይበላል፣ ተቀምጦ ይቅማል። ሆዱ መሪውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው «አንተ ደክሞህ ብትተኛ እንኳ ሆድህ ይነዳልናል» እያልን እንቀልድበት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ቀልዱ አበቃ። መንጃ ፈቃዱ የሚታደስበት ቀን ሦስት ወር ቀርቶት ስለነበር ለጤና ምርመራ ሄደ። ህሩይ የሚባለው የጤና ባለሙያ የደም ግፊቱን አንዴ ለካ፣ አሳርፎ ደግሞ ለካ፣ ከዚያም እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«አልፈርምም አለኝ» ሲል ነገረኝ አብዱናስር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ግፊትህ መቶ ሰባ ነው፣ ስኳርም እየጀማመረህ ነው አለኝ። ቁልቁለት ላይ አሥራ አምስት ነፍስ ይዘህ ራስህን ብትስትስ? አለኝ። መድኃኒቱን ዋጥ፣ ጨውና ጫት ቀንስ፣ በቀን አንድ ሰዓት በእግርህ ሂድ። ጥር ላይ ተመለስ፣ ከወረደ እፈርማለሁ አለኝ።»

«ካልወረደስ?»

«ቲቸር፣ ወላሂ እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ። «ለማንም እንዳትናገር። የታመመ ሹፌር መኪና ላይ ማን ይሳፈራል?» ሲል ጨመረበት።

አንጀቴን በላው። ደግሞስ የስፖርት መምህር አይደለሁ? በዚያው ሳምንት ወረቀት አስምሬ፣ ቀንና ሰዓት ከፋፍዬ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈ ፕሮግራም አዘጋጅቼ ሰጠሁት። የመጀመሪያው መስመር ከፈጅር በፊት ሩጫ የሚል ነበር።

«በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ያለነው እኔና ጅቡ ብቻ ነን» አለኝ በሚቀጥለው ሰኞ። «እኔ ብሮጥ እሱም ይሮጣል።»

ማታ ገመድ ዝለል አልኩት። ባለቤቱ ኢንሳፍ እራት ይዛ ስትመጣ አንድ እግሩን ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ገመዱን እንደጨበጠ፣ ወንበር ላይ እያንኮራፋ አገኘችው። እንግዲያው እሁድ ከሰዓት ይሁን አልኩ። ጭሮ ውስጥ እሁድ ከሰዓት የሰው ነው፤ ለቅሶ አለ፣ የሠርግ ኒካህ አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ። ቀለማቱ ያማረው ፕሮግራሜ የመስታወት መወልወያ ሆኖ ሳየው ተናደድኩ።

ከዚያ ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ መጣ። ስምንት ሰው ገብቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘጠነኛ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ።

«ሁለት ሰዓት!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ሁለት ሰዓት፣ ገለምሶ ሁለት ሰዓት! የሰው ዕድሜ እኮ መንገድ ላይ አይደለም፣ መናኸሪያ ውስጥ ነው የሚያልቀው!»

አብዱናስር ዞሮ አየኝ። ደጋግሞ የሚያውቀውን ንዴቴን ሳይሆን ሌላ ነገር የሰማ ይመስል ነበር። ሞተሩን አጠፋና ከመኪናው ወረደ፤ በግቢው አጥር ጥግ መሄድ ጀመረ። ሦስተኛው ዙር ላይ እንደ ወፍጮ እያቃሰተ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

«ሰዓቱን አገኘሁት፣ ቲቸር» አለኝ። «ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀመጥበት ነው የኖርኩት።»

እኔ በሦስት ቀለም ፈልጌ ያጣሁትን እሱ በኔው ጩኸት አገኘው። ትንሽ ቀናሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳይሆን በጣም ቀናሁ።

ግን ችግር መጣ። የመናኸሪያን ነገር የሚያውቅ ያውቃል፤ ተሳፋሪ የሚያምነው ታፔላውን ወይም የጠሪውን አፍ አይደለም። «አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» የሚለውን ውሸት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ተሳፋሪ የሚያየው መሪውን ነው። ሹፌሩ መሪው ላይ ከተቀመጠ መኪናው ሊወጣ ነው፣ ግባ። ሹፌሩ ከሌለ ግን ገና ነው፣ ሻይ ጠጣ። ሹፌሩ መኪናውን ትቶ ግቢውን ሲዞር ከታየ ደግሞ የሆነ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው።

በማግስቱ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ አብዱናስር ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ «ጎማ ነው? ፍሬን ነው?» የሚሉ ሰዎች ከበቡት። አራት ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን አንስተው ወረዱ። ተራ አስከባሪው ጃዕፈር ፊሽካውን እየነፋ መጣ። ጃዕፈር ያለ ድምፅ ማጉያ ጭሮ ላይ ሆኖ ቢጣራ ርቆ ቦኬ ከተማ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው።

«መሪህ ላይ ተቀመጥ!» አለው። «ካልተቀመጥክ ተራውን ለኋለኛው እሰጣለሁ። ሕግ ሕግ ነው።»

እንግዲህ ቢሄድ ተራውን ሊያጣ ነው፣ ቢቀመጥ መንጃ ፈቃዱን። እውነቱን እንዳይናገር ደግሞ ሰው ይሸሸዋል። ዓርብ ስመለስ ሁለታችን ተማከርንና ዛሬም ሳስበው የማፍርበትን ነገር አደረግን። የአሥር ሊትር ጀሪካን በሹፌሩ ወንበር ላይ አቆምን። ቡናማ ጃኬቱን አለበስነው፣ ኮቱን ደግሞ ትከሻ እንዲሆን ከውስጥ ጠቀጠቅንበት። ከላይ በጨርቅ የተሞላ ፌስታል አስቀምጠን ኮፍያውን ደፋንበትና ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረግነው። ከውጭ ለሚያይ አንድ የደከመው ሹፌር አሸልቧል።

የኔ ድርሻ ደግሞ ጋቢና ተቀምጦ ማውራት ነበር። አዎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ከጀሪካን ጋር ስለ ኑሮ ውድነት አወራሁ። ራሴን እየነቀነቅኩ፣ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» እያልኩ። እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ረዳቱ ያወራው ነበር፤ እሱስ ጭራሽ ይጨቃጨቀው ጀመር። ተሳፋሪው ይገባል፣ መኪናው ይሞላል፣ አብዱናስር ከግቢው ጀርባ ይዞራል። አምስት ዙር ስምንት ሆነ፣ ስምንቱ አሥር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ።

ነገሩ የፈረጠው አንድ ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ በአዴ ኩብራ እጅ ነው። አዴ ኩብራ፣ በአክብሮት እንደምንጠራቸው፣ ሽርጥና ሻሽ ወደ ገለምሶ እየወሰዱ የሚሸጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ትዕግሥት ሲታደል አልነበሩም። ከኋላ ተቀምጠው «ሹፌር፣ መቼ ነው የምንወጣው?» አሉ። መልስ የለም። እኔ ሳቅኩ መሰለኝ፣ ወይም ሳልኩ፤ ብቻ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ። እሳቸው ወርደው በሹፌሩ በኩል መጡና በሩን ከፈቱት።

የተደገፈው «ሹፌር» በግንባሩ ተደፋ። ኮፍያው ወደቀ።

«ሹፌሪ ዱኤ!» አሉ አዴ ኩብራ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። ሹፌሩ ሞተ ማለታቸው ነው፤ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ቢኖር ብለው በአማርኛም ደገሙት። መናኸሪያው በአንድ ጊዜ ወደኛ ጎረፈ። ጫት ጫኙ፣ ሻይ ሻጯ፣ የአሰቦት መኪና የሚጠብቁት ሁሉ እየጮኹ መጡ።

በዚህ መሀል ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው በሰው ላይ እየዘለለ፣ ነጠላ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሲበር መጣ። ሟቹ ራሱ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ይህን ያህል ሮጦ «ማን ነው የሞተው?» ሲል ድምፁ አልተቆራረጠም። ከአንድ ወር በፊት ሦስት ዙር ተራምዶ በር የተደገፈ ሰው፣ መናኸሪያውን ከጫፍ ጫፍ ሮጦ እንደማንኛውም ሰው ያወራል። በዚያ ሁሉ ውርደት መሀል ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ።

ሕዝቡ ግን አልተደሰተም። ጀሪካኑ ታየ፣ ፌስታሉ ታየ፣ እኔም ታየሁ። «አታለላችሁን!» አሉ። ጃዕፈር ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ተራው ሊነጠቅ እንደሆነ ገባን።

አብዱናስር ጃኬቱን ከመሬት አነሳ፣ አራገፈውና ተናገረ።

«ግፊት ይዞኛል። ካልቀነስኩ መንጃ ፈቃዴን አያድሱልኝም። ከመቀመጥ በቀር ሰዓት የለኝም፤ የምዞረው ለዚህ ነው። ሰው ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ ደበቅኩ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሁለት ሰዎች መኪናውን አየት አድርገው ሻንጣቸውን ያዙ። አዴ ኩብራ ግን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ሰውዬ» አሉት፣ «እኔን ልቤን ልታቆም ነበር እኮ! ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልነገርከንም? ከማይዞር በሽተኛና ከሚዞር በሽተኛ ከማን ጋር ብሄድ ይሻለኛል?» ከዚያ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ያበጡ እግሮቻቸውን አሳዩት። «ተቀምጬ ነው እንዲህ የሆንኩት። ና፣ ምራኝ።»

«አዴ ኩብራ፣ ይተዉ፣ ተራዬን—»

«ያ ጃዕፈር!» አሉ እሳቸው ሳይሰሙት። «ይህን አፍ አላህ የሰጠህ ለሌላ ምን ሊሆንህ ነው? መኪናው ሊወጣ ስንት ዙር እንደቀረው ተናገርበት!»

ጃዕፈር ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ሕግ ሕግ ነው የሚለው ሰውዬ ትንሽ አሰበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገለምሶ! ገለምሶ! አንደኛ ዙር!»

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ያላየ አያምንም። ሹፌሩና አዴ ኩብራ ከፊት፣ ከኋላቸው አንድ ቡና ነጋዴ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከሁሉም ኋላ ቦርጬን ይዤ እኔ። ጃዕፈር «ገለምሶ፣ ሰባተኛ ዙር!» ሲል ሻይ ቤት የተቀመጠው ሒሳቡን ከፍሎ ይሮጣል፤ አሥረኛው ላይ አብዱናስር እንደሚወጣ ሁሉም አውቋላ። ሌሎቹ መኪኖች «አንድ ሰው ብቻ የቀረው» ሲሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ገለምሶም እንደዚሁ ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምዞር እኔ እንኳ ሱሪዬ ሰፋኝ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ታመሙ እንዴ?» አሉኝ።

ጥር ላይ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ለፈተና ዕረፍት ጭሮ ስለነበርኩ አብሬው ሄድኩ። ህሩይ ለካ፣ አሳርፎ ደግሞ ለካ። አብዱናስር ግድግዳውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ዱዓ እያደረገ። እኔ የምቆምበት ጠፍቶኝ ነበር።

«መቶ ሠላሳ» አለ ህሩይ። «ምን አደረግህ?»

«ዞርኩ» አለ አብዱናስር።

እስክሪብቶው ከኪስ ወጣ። ፊርማው ሲያርፍ አብዱናስር ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። እኔም ጠረግኩ፤ ምን አሳፈረኝ?

ደጅ ስንወጣ ሰዓቱን አየና ደነገጠ። ተራው ደርሶ አልፎ ይሆናል፤ መሪው ላይ ሹፌር ከሌለ ደግሞ የጃዕፈርን ሕግ ያውቃል። ባጃጅ ልጥራ ብል እሱ ሃምሳ እርምጃ ቀድሞኝ ነበር። ዳገቱን እያለከለክሁ ተከተልኩት።

መናኸሪያ ስንደርስ የገለምሶው ሚኒባስ ተራው ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሦስት መኪኖች እየጠበቁ ነው። መሪው ላይ ሰው አለ። ቡናማ ጃኬት ለብሷል፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ከኮፍያው ሥር የቢጫ ሻሽ ጫፍ ይታያል።

«ግቡ፣ ግቡ! ሹፌሩ ተቀምጧል!» ይላሉ አዴ ኩብራ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ጃዕፈር አጠገባቸው ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ምንም እንዳላየ ሰው።

አብዱናስር በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን ዘረጋላቸው። አዴ ኩብራ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ፊርማውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ፈረመ?»

«ፈረመ፣ አዴ ኩብራ።»

ጮክ ብለው እልል አሉ፤ መናኸሪያው በሙሉ ተቀበላቸው። አብዱናስር በሩን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ግን ከውስጥ ሳቡት።

«የት ልትገባ ነው?» አሉት። «አራት ሰው ይቀረናል። ሂድና አሥር ዙርህን ጨርስ፤ እኔ ተቀምጬልሃለሁ።»

አብዱናስር ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ አጥሩ ዞረ። ጃዕፈር ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔም ከኋላው ተከተልኩ።